አንድ ሴል ውስጥ የታጨቀ ጽሑፍ፦ ጽሑፍን በዓምድ የመክፈል ሥራ ሲዳሰስ

የዕድር ጸሐፊም ሆነ የትምህርት ቤት ሬጅስትራር፣ የባንክ ሠራተኛም ሆነ የእርዳታ ድርጅት መረጃ ሰብሳቢ ከዚህ ዓይነቱ ፋይል ጋር አንድ ቀን መፋጠጡ አይቀርም። የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ሞልቷል፤ የቀሩት ባዶ ናቸው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ ቁጥርና ክፍለ ከተማ በኮማ ወይም በክፍት ቦታ ተያይዘው ታጭቀዋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር በአባት ስም አይደረደርም፣ በክፍለ ከተማ አይጣራም፣ ከሌላ ዝርዝር ጋርም በቀላሉ አይመሳከርም።

ለዚህ ችግር የተሠሩት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ የሚሠሩትም በሰከንዶች ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚያዩት ምልክትን ብቻ ነው። ምልክቱ በእርግጥ የአንድ መረጃ ማብቂያ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ዝርዝሩን የሚያውቀው ሰው ነው። በተለይ በአማርኛ የተጻፈ ዝርዝር ላይ ይህ ልዩነት ዋጋ ያስከፍላል።

ከካርድ እስከ ኮማ

አንድ መረጃ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለማሽን የሚነገርባቸው ሁለት ጥንታዊ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በቦታ መለየት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ባለቀዳዳ ካርድ 80 ዓምዶች ነበሩት። ከ1ኛው እስከ 20ኛው ለስም፣ ከ21ኛው እስከ 30ኛው ለቁጥር እየተባለ ቦታው አስቀድሞ ይመደባል፤ ስሙ ካጠረ ቀሪው ባዶ ይተዋል፣ ከረዘመ ይቆረጣል። ከቆዩ የሒሳብና የመዝገብ ሥርዓቶች የሚወጡ አንዳንድ ሪፖርቶች ዛሬም በዚሁ በቋሚ ስፋት የተሰናዱ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ በምልክት መለየት ነው። በ1960ዎቹ የወጣው የአስኪ የኮድ ሠንጠረዥ መረጃን ከመረጃ ለመለየት ብቻ የተመደቡ አራት ኮዶች አሉት። ሆኖም በኪቦርድ ላይ ቁልፍ ስላልተሰጣቸው ተራው ተጠቃሚ አላወቃቸውም፤ ቦታቸውን ኮማና ታብ ወረሱት። በኮማ የተለየ ፋይል ከግል ኮምፒውተር በፊት የነበረ አሠራር ነው፤ የአይቢኤም ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1972 ይቀበለው ነበር። አጻጻፉን በወግ የሚገልጸው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 4180፣ የወጣው ግን በ2005 ነው። በመካከሉ ሁሉም በየፊናው ሲጽፍ ስለኖረ ሲኤስቪ የሚባለው ፋይል እስከ ዛሬ አንድ ወጥ አይደለም።

ለዚህ ማሳያ የሚሆነው አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየጊዜው የሚገጥማቸው ነው። በጀርመንና በጣሊያን አሥርዮሽ የሚጻፈው በኮማ በመሆኑ፣ በዚያው አገር ልማድ የተስተካከለ ኤክሴል ዓምድን የሚለየው በኮማ ሳይሆን በሴሚኮለን ነው። ከአዲስ አበባ በኢሜይል የተላከ በኮማ የተለየ ፋይል ፍራንክፈርት ሲከፈት ሁሉም ነገር በአንድ ዓምድ ተጠቅጥቆ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በመለያው ምልክት ላይ አልተስማሙም።

የዛሬዎቹ መሣሪያዎች

የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ስፕሬድሺት፣ የዳን ብሪክሊንና የቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። ሎተስ 1-2-3 በ1983 ተከተለ፤ ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ ቀረበ። አብዛኛው ሰው ዛሬ የሚያውቀው የመክፈያ መንገድ በኤክሴል የዳታ ሜኑ ውስጥ ያለው ቴክስት ቱ ኮለምስ ነው። ሊብሬኦፊስ ካልክም ተመሳሳዩ አለው።

ይህ መስኮት ሦስት እርምጃ አለው። በመጀመሪያው ጽሑፉ በምልክት ነው ወይስ በቋሚ ስፋት የተለየው ብሎ ይጠይቃል። በሁለተኛው ታብ፣ ሴሚኮለን፣ ኮማ፣ ስፔስ ወይም ሌላ አንድ ምልክት ያስመርጣል። በሦስተኛው እያንዳንዱ አዲስ ዓምድ እንደ ጽሑፍ፣ እንደ ቀን ወይም በአጠቃላይ ዓይነት ይመዝገብ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ካየ በኋላ ጨርስ የሚለውን ይጫናል፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ሦስተኛው ሲታለፍ ነው።

በሁለተኛው እርምጃ ያለች አንዲት ምርጫ ልዩ ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ ተከታታይ ምልክቶችን እንደ አንድ ቁጠር የምትለዋ። በስሞች መካከል ሁለት ሦስት ስፔስ ተደርድሮ ከሆነ ትጠቅማለች። በኮማ በተለየ ዝርዝር ላይ ግን አደገኛ ናት። የአያት ስም ያልተሞላለት ሰው መስመር ላይ ሁለት ኮማ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ምርጫዋ በርታ ከሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠሩና ስልክ ቁጥሩ ወደ አያት ስም ዓምድ ይገባል፣ ክፍለ ከተማውም ወደ ስልኩ። በሺህ መስመር መካከል ይህን በዓይን ማግኘት ከባድ ነው። ሌላው ጥንቃቄ በስተቀኝ ያሉትን ዓምዶች ይመለከታል፤ ውጤቱ በእነሱ ላይ ስለሚጻፍ ኤክሴል ልተካው ወይ ብሎ ሲጠይቅ በችኮላ እሺ ማለት የነበረውን መረጃ ያጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ፎርሙላ ነው። ድሮ በሌፍት፣ በሚድ፣ በራይትና በፋይንድ ረጅም ፎርሙላ ይቀጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ማይክሮሶፍት 365 ላይ የመጡት ቴክስትስፕሊት፣ ቴክስትቢፎርና ቴክስትአፍተር ይህን አሳጥረውታል። ቴክስትስፕሊት ብዙ ዓይነት መለያ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፣ ዋናው ጽሑፍ ሲታረም ውጤቱም አብሮ ይታረማል፤ በስተቀኝ የተያዘ ሴል ካገኘ ደግሞ ከመደምሰስ ይልቅ ስህተት ብሎ ይቆማል። የጉግል ሺትስ ስፕሊት ተመሳሳይ ቢሆንም ሁለት ጠባይ አለው። ከአንድ በላይ ምልክት ሲሰጠው፣ ካልተከለከለ በቀር፣ እያንዳንዱን ለብቻው መቁረጫ ያደርገዋል፤ ኮማና ስፔስ አንድ ላይ የሰጠ ሰው በስሞች መካከል ያለውም ስፔስ ይቆረጥበታል። ባዶ ቦታዎችንም ካልተነገረው በቀር ይጥላል፤ ከላይ ያየነው መንሸራተት እዚህም ይመጣል።

ሦስተኛው መንገድ በምሳሌ ማስተማር ነው። ከኤክሴል 2013 ጀምሮ ያለው ፍላሽ ፊል በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል በሱሚት ጉልዋኒ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። አጠገብ ባለው ዓምድ አንድ ሁለት ምሳሌ ተጽፎ ኮንትሮልና ኢ ሲጫን ቀሪውን ራሱ ይሞላል። ፈጣን ነው፤ የገመተውን ደንብ ግን አያሳይም፣ ምሳሌ ያልተሰጠበት ዓይነት ስም ሲመጣም ሳያስጠነቅቅ ይሞላል።

አራተኛው ፓወር ኩዌሪ ነው፤ ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። በየወሩ አንድ ዓይነት ፋይል ለሚደርሰው ሰው የሚመከረው ይኸው ነው፤ እርምጃዎቹ ተመዝግበው ስለሚቀመጡ በሚቀጥለው ወር ሪፍሬሽ ማለት ይበቃል። በመጀመሪያው ምልክት ብቻ ወይም በመጨረሻው ብቻ መክፈልም ይችላል። ከትንሽ ፊደል ወደ ትልቅ ፊደል ሲሻገር መቁረጥ የሚለው ምርጫው ለግዕዝ ፊደል አይሠራም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውምና። ከአሃዝ ወደ ፊደል ሲሻገር የሚቆርጠው ግን የቤት ቁጥርንና የቀበሌን ስም ለመለየት ይረዳል።

ስማችንና ክፍት ቦታው

በምዕራቡ ዓለም ልማድ የተሠሩ መመሪያዎች ስምን በስፔስ ቁረጥ፣ የመጨረሻው የቤተሰብ ስም ነው ይላሉ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፤ ያለው ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ስፔስ ሁልጊዜ አንዱን ሰው ከሌላው አይለይም። «ወ/ሮ አልማዝ ገብረ ማርያም ተሰማ» የሚል መስመር እንውሰድ። ሦስት ትውልድ ነው፤ በስፔስ ሲከፈል ግን አምስት ዓምድ ይሆናል። ማዕረጉ የስሙን ቦታ ይይዛል፤ «ገብረ» ለብቻው፣ «ማርያም» ለብቻዋ ይቀመጣሉ፣ አያትየውም አምስተኛው ዓምድ ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ። መለያው እዝባር ቢሆን ኖሮ ደግሞ «ወ» እና «ሮ» ይለያዩ ነበር።

በግዕዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው የፊደል ረድፍ፣ ያለቀ ቃል ሁሉ ከሚቀጥለው ጋር ይጣመር ብሎ ደንብ ማውጣት አያዋጣም። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ» በግዕዝ ያልቃሉ፤ «አበበ» እና «ከበደ»ም እንዲሁ። በዚያ ደንብ ልጁና አባቱ አንድ ሰው ሆነው ይመዘገባሉ። የሚያዋጣው የታወቁትን ጥምር ስሞች መጀመሪያዎች በዝርዝር መያዝና ከመክፈል በፊት ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ተጠቅሞ «ገብረ ማርያም»ን በጭረት ማጣመር ነው። ተከፍሎ ሲያልቅ ጭረቱ ወደ ስፔስ ይመለሳል። እንደ «አብዱል ቃድር» ያሉትም ተመሳሳይ እንክብካቤ ይሻሉ። ማዕረጎቹ፣ አቶና ወ/ሮ፣ ዶ/ርና ሼህ፣ ቀድመው ወደ ራሳቸው ዓምድ ቢወጡ ሥራው ይቃለላል።

በሥርዓተ ነጥባችንም ላይ የተደበቀ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ሁለት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ብዙ ጸሐፊ ግን በ«፡» ምትክ የላቲኑን ኮለን፣ በ«፣» ምትክ ኮማን ይመታል። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ከሆነ ግማሹ ይከፈላል፣ ግማሹ እንዳለ ይቀራል። ከድረ ገጽ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍም የማይሰበር ስፔስ ይዞ ይመጣል፤ ተራ ስፔስ ቢመስልም በስፔስ አይከፈልም፣ ትሪም የሚባለው ፎርሙላም አያጠፋውም። ስለዚህ ምልክቱን ከመተየብ ይልቅ ከሴሉ ውስጥ ኮፒ አድርጎ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ መለጠፍ ይሻላል። ሲኤስቪው ሲከፈት አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ከተለወጠ ደግሞ በዳታ ሜኑ በኩል አስገብቶ ዩቲኤፍ-8 መምረጥ መፍትሔ ነው።

ቁጥርና ቀን

ጽሑፉ በትክክል ከተከፈለ በኋላም መረጃው ሊጠፋ ይችላል። ዓምዱ በአጠቃላይ ዓይነት ከተተወ በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ዜሮውን ያጣል። ኤክሴል የቁጥርን 15 አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር የመጨረሻ አሃዙ ዜሮ ይሆናል። ይህን በፎርማት ለውጥ መመለስ አይቻልም፤ አሃዙ አንዴ ሄዷል። መድኃኒቱ በሦስተኛው እርምጃ ዓምዱን ጽሑፍ ብሎ መመዝገብ ነው።

በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ደግሞ ሳይታወቅ ይዛባል። በአሜሪካ ልማድ በተስተካከለ ኤክሴል ላይ ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/02/2016 ብሎ የጻፈ ሰው ጽሑፉ እንዳለ ይቀመጥለታል፤ እንዲህ ያለ ቀን አያውቅምና። ጥቅምት 12 ቀን፣ 12/02/2016፣ ግን ዲሴምበር 2 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ደግሞ ሜይ 13 ይሆናል። በአንድ ዓምድ ውስጥ አንዳንዱ ጽሑፍ፣ አንዳንዱ የፈረንጅ ቀን ሆኖ ይደበላለቃል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይቶ መያዝ ለኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተማማኙ መንገድ ነው።

ይህ ጣጣ ሳይንቲስቶችንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጂኖም ባዮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ስማቸው የተለወጠ ጂኖች እንደያዙ አሳይቷል፤ ሴፕት2 የተባለው ጂን ወደ ሴፕቴምበር 2 ይቀየር ነበር። በ2020 የስያሜ ኮሚቴው የእነዚህን ጂኖች ስም እስከ መለወጥ ደረሰ።

ከመክፈል በፊት የሚሠራው

ልምድ ያላቸው ሰዎች ከመቁረጣቸው በፊት ይቆጥራሉ። ሌን በተባለው ፎርሙላ የሴሉን ርዝመት መለካት፣ ሰብስቲትዩት በተባለው ስፔሶቹን አጥፍቶ እንደገና መለካት፣ ልዩነቱን በአጠገብ ዓምድ ማኖር፤ ይህ በእያንዳንዱ መስመር ስንት ስፔስ እንዳለ ይናገራል። ማዕረግ በወጣለት የስም ዝርዝር ላይ ሁለት ስፔስ ያላቸው መስመሮች በአብዛኛው ባለሦስት ስም ናቸው። በዚህ ቁጥር ሲደረደር ጥምር ስሞቹ፣ ጎዶሎዎቹና ትርፍ ስፔስ ያለባቸው በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ የሰው ዓይን የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። ዋናው ዓምድም ሳይነካ መቆየት አለበት፤ ክፍሎቹን መልሶ አገጣጥሞ ከዋናው ጋር ማነጻጸር የመጨረሻው ፈተና ነው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ መረጃ ቋት ሲጽፍ በአንድ ቦታ አንድ ዋጋ ብቻ እንዲቀመጥ ጠየቀ፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሃድሊ ዊክሃም በ2014 እያንዳንዱ ተለዋዋጭ የራሱ ዓምድ ይኑረው ብሎ አጠናከረው። ለእኛ መሥሪያ ቤቶች ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአንድ ሳጥን «ሙሉ ስም» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው አስተላልፎ ይሄዳል፤ ያ ሰው ደግሞ ባለስሙን ሳያውቅ በግምት ይቆርጣል። ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በየሳጥናቸው ቢጠየቁ ስሙ የት እንደሚያልቅ የሚወስነው ባለቤቱ ይሆናል። ጥምር ስም ያለው ሰው ማንነቱ በሁለት ዓምድ እንዳይበጠስ ከሁሉም በላይ የሚያስተማምነው እርምጃ ይህ ነው፤ አዲስ ቅጽ የሚያዘጋጅ ሁሉ ከዚህ ይጀምር።