የፊት መብራት አምፖል ሲቀየር፦ ቀለሙና ድምቀቱ እንዴት ይመረጣል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ከመሆኗም በላይ፣ ከሻሸመኔ ወደ ዲላና ሞያሌ የሚዘልቀው አገር አቋራጭ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በጎዳናዎቿ ላይ እግረኛ፣ ብስክሌት፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስና ከባድ የጭነት ተሽከርካሪ አንዱን መንገድ ይጋራሉ። እነዚህ ሁሉ በሰላም መተላለፍ የሚችሉት እያንዳንዱ አሽከርካሪ ከፊቱ ያለውን በግልጽ ሲያይ፣ የእርሱም መብራት የሌላውን ዓይን ሳያጭበረብር ሲቀር ነው።

ይሁን እንጂ የፊት መብራት አምፖል ሲቃጠል ወይም ሲደክም ምትክ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ለዓይን ነጭ ወይም ሰማያዊ መስሎ በመታየቱ፣ አልያም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር ነው። በዚህ መንገድ የተገዛ አምፖል ለአሽከርካሪው ያነሰ ብርሃን እየሰጠ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሊያሳውር ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው በተቃራኒ አቅጣጫ በመጣ መብራት ለሦስት ሰከንድ ብቻ ዓይኑ ቢጭበረበር 50 ሜትር ያህል መንገድ ሳያይ ነዳ ማለት ነው። በእነዚህ 50 ሜትሮች ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ሊኖር ይችላል።

ዋት፣ ሉመንና ኬልቪን ምን ይለካሉ?

በአምፖል ማሸጊያ ላይ በብዛት የሚገኙት መለኪያዎች ሦስት ናቸው። ዋት አምፖሉ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሉመን የሚሰጠውን ጠቅላላ የብርሃን መጠን፣ ኬልቪን ደግሞ የብርሃኑን ቀለም ያመለክታል። ድምቀትን የሚነግረን ሉመን ነው። ኬልቪን የድምቀት መለኪያ ስላልሆነ፣ 8000 ኬልቪን የሚል አምፖል 4300 ኬልቪን ከሚለው ይልቅ ይደምቃል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

በአነስተኛ ተሽከርካሪዎች ላይ ከተለመዱት የሃሎጂን አምፖሎች አንዱ ኤች 4 የሚባለው ነው። ረጅሙንና አጭሩን መብራት በአንድ አምፖል ውስጥ የያዘ ሲሆን፣ ባለ 12 ቮልቱ ለረጅሙ 60፣ ለአጭሩ 55 ዋት ይወስዳል። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደረጃ መሠረት የሚሰጠው ብርሃን ለረጅሙ 1650፣ ለአጭሩ 1000 ሉመን ሲሆን፣ የተፈቀደው ልዩነት ወደላይም ሆነ ወደታች 15 በመቶ ነው። ለአንድ ተግባር ብቻ የሚውለው ባለ 55 ዋት ኤች 7 አምፖል ደግሞ 1500 ሉመን ይሰጣል፤ የሚፈቀደውም ልዩነት 10 በመቶ ነው።

ከዚህ በመነሣት ማሸጊያቸው ላይ «100 በመቶ ተጨማሪ ብርሃን» የሚል የተጻፈባቸውን አምፖሎች መመዘን ይቻላል። ደረጃውን የጠበቀ አምፖል ጠቅላላ ብርሃኑን በእጥፍ ሊያሳድግ አይችልም። ጽሑፉ የሚናገረው በመንገዱ አንድ ክፍል ላይ ስለሚያርፈው ብርሃን ነው። እንዲህ ያሉ አምፖሎች ክራቸው ይበልጥ ስለሚግል ዕድሜያቸው ያጥራል። በአንጻሩ 100 ዋት የሚወስድ አምፖል በኤች 4 ቦታ ቢገጠም፣ በአንድ አምፖል በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከ5 አምፔር ወደ 8 አምፔር በላይ ከፍ ይላል። ለዚህ መጠን ያልተሠራው ሽቦ፣ ሶኬትና ማብሪያ ሊግል፣ ሊቀልጥ፣ እንዲሁም ለእሳት አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

በኤልኢዲ አምፖሎች ላይ የሚጻፉ የሉመን ቁጥሮችም ጥንቃቄ ይሻሉ። አንድ አምፖል 25 ዋት የሚወስድ ከሆነና በእያንዳንዱ ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል ተብሎ ቢሰላ፣ የሚገኘው 2500 ሉመን ገደማ ነው። በማሸጊያው ላይ 10000 ወይም 20000 ሉመን የሚል ከተጻፈ ቁጥሩ ከሚወስደው ኃይል ጋር አይጣጣምም።

ቀለሙስ?

የሃሎጂን አምፖል ብርሃን 3200 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ነው። ከፋብሪካ የሚገጠም የዜኖን መብራት 4300፣ የኤልኢዲ መብራት ደግሞ በአብዛኛው ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን ይደርሳል። የቀትር ፀሐይ ብርሃን 5500 ኬልቪን ገደማ ነው። ቁጥሩ ከ6000 እያለፈ ሲሄድ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል።

በሃሎጂን አምፖል ላይ ሰማያዊ መልክ የሚገኘው መስታወቱን ሰማያዊ ቀለም በመቀባት ነው። ቀለሙ ከክሩ የሚወጣውን ቢጫና ቀይ ብርሃን ያስቀራል እንጂ አዲስ ብርሃን አይጨምርም። ስለዚህ አምፖሉ የዘመናዊ መኪና መብራት ቢመስልም መንገድ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይቀንሳል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በክረምት ሌሊት ነው። እርጥብ አስፋልት ብርሃኑን ወደ አሽከርካሪው ከመመለስ ይልቅ ወደፊት ስለሚያንጸባርቀው፣ የመንገዱ ጠርዝ፣ ጉድጓድና ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ለመለየት ያዳግታል። ወደ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን ከፊት ለፊት ለሚመጣው አሽከርካሪ ዓይንም ይበልጥ ይከብዳል፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ አሽከርካሪዎች ከተጭበረበሩ በኋላ እይታቸው የሚመለሰው ዘግይቶ ነው።

ቢጫ ብርሃን የተሻለ ነው የሚለው አስተያየትም በልኩ ሊታይ ይገባል። ፈረንሳይ ቢጫ የፊት መብራትን ለአሠርት ዓመታት አስገዳጅ አድርጋ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ግዴታውን አንሥታለች። ቢጫ ማጣሪያም እንደ ሰማያዊው የብርሃኑን ከፊል ያስቀራል። በመሆኑም ለሃሎጂን መብራት ተመራጩ ቀለም ያልተቀባ፣ መስታወቱ ጥርት ያለ አምፖል ነው።

አምፖሉ ከመብራቱ ቤት ጋር መስማማት አለበት

የፊት መብራት አንጸባራቂ የተቀረጸው በአንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ ለሚቀመጥ ብርሃን ነው። በሃሎጂን አምፖል ውስጥ ያለው ክር ጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን ቦታው በጥንቃቄ የተለካ ነው። በኤች 4 አምፖል ውስጥ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር የተቀመጠች ትንሽ ብረት ብርሃኑ ወደላይ እንዳይወጣ ትከልላለች። ለሃሎጂን በተሠራ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ ወይም ዜኖን ሲገባ የብርሃኑ ምንጭ ቅርጹና ቦታው ስለሚለወጥ፣ አጭሩ መብራት በርቶም ቢሆን ብርሃኑ ወደ ሌሎች አሽከርካሪዎች ዓይን ሊሄድ ይችላል።

የዜኖን አምፖል በ35 ዋት 3200 ሉመን ያህል ይሰጣል። በዚሁ ምክንያት በተባበሩት መንግሥታት ደንቦች ከ2000 ሉመን በላይ የሚሰጥ የአጭር መብራት ምንጭ ያለው ተሽከርካሪ፣ የመብራቱን ከፍታ በራሱ የሚያስተካክልና መስታወቱን የሚያጥብ መሣሪያ እንዲኖረው ይጠየቃል። ጀርመን የሃሎጂን ምትክ የሆነ የኤልኢዲ አምፖል በመንገድ ላይ እንዲውል እ.ኤ.አ. በ2020 የፈቀደችው፣ ተፈትሸው ለጸደቁ የተሽከርካሪ ሞዴሎች ብቻ ነው።

የመብራቱ ቤት ራሱም መታየት አለበት። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ቀኝ ጎን የምትነዳ አገር ናት። በግራ ጎን ለሚነዳባቸው አገሮች የተሠራ የፊት መብራት ግን ብርሃኑን ከፍ አድርጎ የሚልከው ወደ ግራ ስለሆነ፣ በአገራችን መንገድ በቀጥታ ከፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ ይመታል። ይህ ጉድለት አምፖል በመቀየር የሚታረም አይደለም፤ ሙሉ የመብራት ቤቱ መቀየር ይኖርበታል።

ከግዢ በፊት ሊፈተሹ የሚገባቸው

መብራት የደከመ ሁሉ አምፖሉ ደክሟል ማለት አይደለም። ለሃሎጂን አምፖል የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የዛገ ሶኬት፣ የላላ የቦዲ ገመድ ወይም የደከመ ዲናሞ ባለበት ተሽከርካሪ ላይ ውድ አምፖል መግጠም ችግሩን አይፈታም። በተመሳሳይ የመብራቱ የፕላስቲክ ሽፋን በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ መጀመሪያ መጽዳትና መወልወል፣ ውስጡ ውኃ ከቋጠረ ወይም አንጸባራቂው ከተላጠ መቀየር አለበት።

አምፖሉ በሚገዛበት ጊዜ ዓይነቱ፣ ቮልቱና ዋቱ ከተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ወይም ከአሮጌው አምፖል ጋር አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ። በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና የአገር መለያ ቁጥር አምፖሉ የተባበሩት መንግሥታትን ደረጃ አሟልቶ መጽደቁን ያሳያል፤ ለምሳሌ ቁጥር 1 ጀርመንን፣ ቁጥር 2 ፈረንሳይን ያመለክታል።

አገጣጠምና አቅጣጫ

የሃሎጂን አምፖል መስታወት በባዶ እጅ መነካት የለበትም። ከጣት የሚቀር ቅባት መስታወቱን በአንድ ቦታ ከልክ በላይ ስለሚያግለው አምፖሉ ቶሎ ይበላሻል። ከተነካ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። የሁለቱም ጎን አምፖሎች አብረው ቢቀየሩ ብርሃናቸው እኩል ይሆናል።

ከተገጠመ በኋላ አቅጣጫውን በቀላሉ መፈተሽ ይቻላል። ተሽከርካሪው የጎማ ነፋሱ ተስተካክሎ፣ በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቁምና አጭሩ መብራት ይብራ። ለብዙዎቹ አነስተኛ ተሽከርካሪዎች በግድግዳው ላይ የሚታየው የብርሃን የላይኛ ጠርዝ ከመብራቱ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ጠርዙ ከመብራቱ ከፍታ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ሌሎችን ያሳውራል፤ እጅግ ዝቅ ካለ ደግሞ አሽከርካሪው ሩቅ አያይም። ማስተካከያው በባለሙያ ቢከናወን ይመረጣል።

ባጃጅና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ

በሀዋሳ ብዙ ሰው የሚገለገልበት ባጃጅ የኃይል ማመንጫውም ሆነ የመብራት ቤቱ አነስተኛ ነው። የመኪና አምፖል ወይም ተጨማሪ ባውዛ ሲገጠምበት ባትሪው ይዳከማል፣ ብርሃኑም ወዳልተፈለገ አቅጣጫ ይበተናል። በዚህ ምክንያት የአምራቹን ልክ መጠበቅ ያስፈልጋል። በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ በመጣው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ላይ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ የኤልኢዲው መብራት ከቤቱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ብልሽት ሲገጥም ከፍቶ ሌላ አምፖል ለማስገባት መሞከር አይገባም።

የፊት መብራት ተሽከርካሪዎች በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ በሚያደርጉት የቴክኒክ ምርመራ ይታያል፤ ሆኖም ቦሎ እስኪታደስ መጠበቅ አያስፈልግም። ማንኛውም አሽከርካሪ በሌሊት ሲነዳ አጭር መብራት አብርቶ ሳለ ከፊት የሚመጡት ደጋግመው ብልጭ ካደረጉለት፣ ሰላምታ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ስለሚችል በማግስቱ አምፖሉንና አቅጣጫውን ማስፈተሽ ይኖርበታል።