ባሕር አሲድ ሲበዛበት መዳብ ምን ይሆናል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሳን ዲዬጎ ወሽመጥ፣ ሼልተር አይላንድ የሚባል የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ አለ። ከ2000 በላይ ጀልባዎች ይቆሙበታል። የብዙዎቹ ውኃ ውስጥ የሚገባው አካል የተቀባው መዳብ ባለበት ቀለም ነው። ቀለሙ አልጌና ተለጣፊ እንስሳት እንዳያርፉበት ይከላከላል፤ መዳቡ ግን ቀን ከሌት ወደ ውኃው ይሟሟል። በ2005 የአካባቢው የውኃ ጥራት ቦርድ ወደ ማቆሚያው የሚገባው መዳብ በ76 በመቶ እንዲቀንስ ወሰነ።

መጠኑን መቀነስ ተገቢ ነው። መርዛማነቱን የሚወስነው ግን መጠኑ ብቻ አይደለም።

በባሕር ውኃ ውስጥ አብዛኛው መዳብ ከሕያዋን ፍጥረታት በሚወጡ ኦርጋኒክ ውህዶች ተይዟል። የተረፈው በብዛት ከካርቦኔት ጋር ይጣመራል። የተጣመረ መዳብ ወደ ሕዋስ ለመግባት ይቸገራል፤ በዋናነት ጉዳት የሚያደርሰው ከምንም ጋር ያልተጣመረው ነጻ የመዳብ አየን ነው።

አሲዱ ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውቅያኖሶች የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይመጥጣሉ። ጋዙ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠራል፤ ከአሲዱ የሚወጣው የሃይድሮጂን አየን ደግሞ ካርቦኔቱን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የላይኛው የውቅያኖስ ውኃ ፒኤች ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የሃይድሮጂን አየን ክምችት ከሩብ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። ካርቦኔት ሲያንስ መዳብ አጋሩን ያጣል፤ ቅንጣት መዳብ ሳይጨመርበት ውኃው ይበልጥ መርዛማ ይሆናል።

ሁሉም ብረታ ብረት እንዲህ አይሆንም። ካድሚየም በብዛት የሚጣመረው ከክሎራይድ ጋር ስለሆነ የፒኤች ለውጥ እምብዛም አይነካውም። ብረት በበኩሉ ለፋይቶፕላንክተን የግድ የሚያስፈልግ ምግብ ነው፤ በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ውኃው አሲዳማ ሲሆን እነዚህ ደቂቅ ፍጥረታት ብረት የሚወስዱበት ፍጥነት ይቀንሳል።

ባሕር ዳርቻ ላይ ችግሩ ይብሳል። ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ አልጌን ያበዛሉ፤ አልጌው ሲበሰብስ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ወደቦችና የማዕድን ማውጫዎች ለዘመናት ያወረዱት መዳብ የተከማቸውም እዚያው ደለል ውስጥ ነው።

በአውሮፓ ዳርቻዎች ደለሉን ቤቱ ያደረገ አንድ የአሸዋ ትል አለ። ውኃው ሲሸሽ ወንዱ ዘሩን አሸዋው ላይ ያፈሳል፤ ውኃው ሲመለስ ዘሩን ወደ ሴቷ ጉድጓድ ይወስደዋል። ዘሩ በዚህ ጉዞ ያለምንም ከለላ ለውኃው ይጋለጣል። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት አሲዳማነትና መዳብ ሲደመሩ የዘሩ የመዋኘት አቅም ለየብቻ ካደረሱበት ጉዳት በላይ ተዳክሟል። በሕይወት የተረፉት እጮች ቁጥርም አንዱ ብቻ ከነካቸው ጋር ሲነጻጸር በ24 በመቶ አንሷል።

በአሜሪካ፣ ለረጅም ጊዜ ተጋላጭነት የተቀመጠው የባሕር ውኃ የመዳብ ገደብ በሊትር 3.1 ማይክሮግራም ነው። የሚለካው የሟሟው መዳብ በሙሉ ሲሆን ፒኤቹ 8.1 ይሁን 7.7 ገደቡ ያው ነው። ስለዚህ የወደብ ተቆጣጣሪዎች ከመዳቡ ጎን ፒኤቹንና ኦርጋኒክ ውህዶቹንም መለካት ይኖርባቸዋል፤ አለዚያ ዛሬ ደንቡን የሚያሟላ ውኃ ነገ በዚያው ቁጥር እጮችን ሊገድል ይችላል።