ከእግሩ የሚታመም ድልድይ

የድንጋይ ቅስት ድልድይ የተጠረቡ ድንጋዮች እንደ ቀስት ተደርድረው፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ ሸክሙን በግራና በቀኝ ወዳለው መሠረት የሚያወርዱበት ግንብ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይ ዛሬም ሰው ያሻግራል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ አስመራ የሚዘልቀውን ጨምሮ በተሠሩት መንገዶችም ይኸው አሠራር በሰፊው ተለምዷል።

ብዙ ሰው ቅስቱን ኖራው ያጣበቀው ይመስለዋል፤ እንቁላል ገብቶበታል የሚልም አይጠፋም። የኖራው ሥራ ግን የድንጋዮቹን መቀመጫ ማስተካከል ነው፤ ቅስቱን የሚያቆመው የራሱ ክብደት ነው። ዣክ ሄይማን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1966 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ቅስት የሚወድቀው ድንጋዩ ደቅቆ ሳይሆን አራት ቦታ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ሲከፈት ነው። ስለዚህ መሠረቱ ጥቂት ሲሸሽ የተፈጠረ አሮጌ ስንጥቅ ጉዳት ሳያደርስ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። በሲሚንቶ መድፈኑ ግን ጥፋት ነው፤ በኖራው በኩል ይወጣ የነበረው እርጥበት ታፍኖ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል።

ቆቦ ባለችበት በራያ ቆላ የድልድይ ዋና ጠላት ከላይ የሚያልፈው መኪና ሳይሆን ከሥር የሚያልፈው ጎርፍ ነው። ሆርማት፣ ጎሊናና አላውሃ የተባሉት ወንዞች በበጋ አብዛኛው መሬታቸው አሸዋ ነው፤ በምዕራብ ባለው ደጋ ሲዘንብ ግን ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል ደራሽ ይመጣል። ውሃው የድልድዩን እግር ሲመታ ወደ ታች ይጠማዘዝና በዙሪያው ያለውን አሸዋ ይቦረቡራል። ጉድጓዱ እጅግ የሚጠልቀው ጎርፉ በበረታበት ሰዓት፣ ማንም ወርዶ ሊያየው በማይችልበት ጊዜ ነው። ጎርፉ ሲደክም የተሸከመውን አሸዋ እዚያው ያራግፍና ጉድጓዱን ይሞላዋል። በጥር የሚመጣ መርማሪ የተስተካከለ አሸዋ ያያል፤ «መሠረቱ ደህና ነው» ብሎ ጽፎ ይመለሳል። ያ አሸዋ ግን ልቅ ነው፤ በሚቀጥለው ጎርፍ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ሹል ብረት ሰክቶ መሞከር የግድ ነው፤ ልቅ አሸዋ ብረቱን በቀላሉ ያስገባዋል፣ ያልተነካ መሬት ይመልሰዋል። ከድልድይ ሥር አሸዋ እየዛቀ በገልባጭ የሚጭን ሰውም ጎርፉ የጀመረውን በአካፋ እየጨረሰ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ከመሠረቱ ቀጥሎ የቅስቱ ሆድ ይታያል። ነጭ የኖራ እንባ የወረደበት ቦታ ውሃ ከመንገዱ ሰርጎ ከቅስቱ በላይ ባለው ሙሌት ውስጥ መግባቱን ያሳያል። መዶሻ ሲያርፍበት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ድንጋይ ደግሞ ከኋላው ለቋል። በመጨረሻ የቅስቱ ስፋትና ከፍታ ይለካል፤ ልኬቱ ከክረምት በፊትና በኋላ በዚያው ነጥብ ላይ ይደገማል፣ ከተለያየም እግሩ ሸሽቶ እንደሆነ ይመረመራል።