ሰላጣም ራት ይሆናል

በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ መካከል «ለእኔ ዛሬ ሰላጣ ይበቃኛል» የሚል ወጣት ቢገኝ፥ «ታመምህ ወይስ ደመወዝ አለቀ?» መባሉ አይቀርም። ሰላጣ በብዙዎቻችን ዘንድ ከጥብሱ ጎን ለጌጥ የሚቀመጥ ቅጠል እንጂ ራሱን የቻለ ምግብ ሆኖ አይቆጠርም። በእርግጥም ሳሕን ሙሉ ቅጠል በልቶ የተነሣ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆዱ ቢጮህ አያስደንቅም፤ የሰላጣ ቅጠል ከመቶው 95 እጅ ያህሉ ውኃ ነውና። ቲማቲሙም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ውኃ ደግሞ ጥም ይቆርጣል እንጂ እስከ ማታ አያቆይም።

ነገር ግን ሰላጣ ማለት የግድ ጥሬ ቅጠል ማለት ነው ያለን ማን ነው? በአውሮፓ ቋንቋዎች ይህ ስም የተወለደው በላቲን «ጨው» ከሚለው ቃል ነው። ጨው የነካው እንደ ማለት ነው፤ ስለ ቅጠል የሚናገረው ነገር የለም። እንግዲያውስ ምስሩም፥ ድንቹም፥ ሽምብራውም፥ ቀይ ሥሩም ተቀቅሎ በጨው፥ በሎሚና በዘይት ከታሸ ሰላጣ ነው። በኪራይ ቤት በአንዲት ምድጃ ለሚኖር ተማሪም ሆነ ለአዲስ ሠራተኛ፥ ወጥ ለመሥራት ጊዜውም ሽንኩርት ማቁላላቱም ለሚከብደው፥ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህም ከባሕር ማዶ መምህር አያስፈልገንም። እናቶቻችን በጾም ወራት የሚያቀርቡት አዚፋ ከየትኛውም አገር ሰላጣ ጋር ቢወዳደር የሚያሳፍር አይደለም። ለሁለት ሰው አንድ የሻይ ብርጭቆ ድፍን ምስር ይበቃል። ምስሩ ታጥቦ ይቀቀላል፤ ሎሚም ሆነ ቲማቲም በዚህ ጊዜ አይገባበትም፥ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋልና። በመጽሐፍ የተጻፈውን ደቂቃም አጥብቃችሁ አትመኑ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ በባሕር ጠረፍ በሃያ ደቂቃ የሚበስለው ምስር እዚህ ጥቂት ያስጠብቃል። በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን ውኃውን አጥልላችሁ፥ ግማሹን በማንኪያ ደፍጥጡት፥ ግማሹን እንዳለ ተዉት። የተደፈጠጠው ማጣፈጫውን ይይዛል፤ ያልተደፈጠጠው ለጥርስ ይተርፋል።

ማጣፈጫው የሚገባው ምስሩ ገና ለብ እንዳለ ነው። ቀዝቅዞ ከጠነከረ በኋላ ቢፈስስበት ከላይ ከላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ጨውን በመጀመሪያ በሎሚው ውስጥ አሟሙት፤ ጨው በዘይት አይሟሟም፤ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት አንዱን ጉርሻ አልጫ ሌላውን ጨው አድርጎ ይበላል! ለአንድ ማንኪያ ሎሚ ሁለት ማንኪያ ዘይት ለእኛ ምላስ ይስማማል። ቀይ ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ በዚያው ጨውና ሎሚ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ቢቀመጥ ኃይለኛነቱ ይበርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ከአለቃው ጋር ለሚነጋገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአዚፋ ነፍሱ ግን ሰናፍጩ ነው። የሰናፍጭ ፍሬ እንዳለ ቢቀመስ ያን ያህል አይፋጅም። የሚያቃጥለው ነገር የሚወለደው ፍሬው ተደቁሶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ለውሳችሁ ዐሥር ደቂቃ ታገሡት፤ የፈላ ውኃ ይገድለዋል፤ ሎሚም ቀድሞ ከገባ ኃይሉን ያዳክመዋል። አፍንጫን ሲነካ ካገኛችሁት ከምስሩ ጋር ቀላቅሉት፥ ቃሪያ ጨምሩበት።

ስለ ጥጋቡም ቢሆን፥ አንድ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር ዘጠኝ ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል ያለው ስድስት ግራም ገደማ ነው። የምስሩ ብረት በሰውነት በቀላሉ የማይወሰድ ሲሆን፥ የሎሚው ቫይታሚን ሲ እንዲወሰድ ያግዘዋል። ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣው ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ያግደዋል፤ ሻይ ወዳጆች ይቀየሙን እንደ ሆነ እንጃ፥ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይሻላል።

ምስር የሰለቸው ሽምብራ ይንከር፤ ሥራው አንድ ነው። ድንችና ካሮት ያለው ደግሞ እነዚያን ቀቅሎ፥ ትኩስ ሳሉ ሎሚና ዘይት አጠጥቶ፥ በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ወይም አይብ፥ በጾም ቀን አቮካዶ ይጨምርበት። ቅባቱን ስለ ካሎሪ ብላችሁ አትቁረጡት፤ በካሮት ውስጥ ያለውን፥ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር የሚያስገባው ቅባት ነው። ቀይ ሥር ከነልጣጩ ይቀቀል፥ ወደ ሳሕኑም በመጨረሻ ይግባ፤ አለዚያ ድንቹም እንቁላሉም አንድ ቀለም ለብሰው ይቀርባሉ። ከላይ የተቆላ ሰሊጥ ወይም የተሰበረ ለውዝ መነስነስ ወጪው ጥቂት፥ ለውጡ ብዙ ነው።

ያደረ እንጀራ ላለው ቲማቲም ፍትፍት አለለት። ሊባኖሶች ያደረ ቂጣቸውን ቆራርሰው ከቲማቲምና ከኪያር ጋር የሚያሹትን ሰላጣ «ፈቱሽ» ይሉታል፤ ስሙም ቆራረሰ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። በግእዝ «ፈተተ» ማለት ቆረሰ መሆኑን የሚያስታውስ ተማሪ፥ የእኛ ፍትፍትና የእነርሱ ፈቱሽ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳንነግረው ይደርስበታል። ቲማቲሙ ተከትፎ ጨው ነክቶት ጥቂት ሲቆይ የሚያወጣው ጭማቂ አይደፋ፤ እንጀራው የሚርሰው በእርሱ ነው። እንጀራውን ግን ከመብላታችሁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ አግቡ፤ ብዙ ከቆየ ይቦካል።

ጥሬ ቅጠል ፈጽሞ ይቅር አንልም። ሆኖም ቅጠሉ በምን ውኃ እንዳደገ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከሚመረተው ቅጠላ ቅጠል አንዳንዱ የሚጠጣው የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ከሚቀበለው ከአቃቂ ወንዝ ነው። አሜባና የአንጀት ትላትል በእንዲህ ያለ መንገድ ከቤት ይገባሉ። ቅጠሉን አንድ በአንድ በንጹሕ ወራጅ ውኃ ማጠብ አደጋውን ይቀንሳል፤ ኮምጣጤም ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ሁለቱም ፈጽመው አያስወግዱትም፥ ከፋብሪካ የመጣውን ብረታ ብረት ነክ መርዝማ ምንም አያደርጉትም። በጓሮ ወይም በቆርቆሮ ጣሳ በንጹሕ ውኃ የተተከለ ሰላጣ ያለው ሰው በልቡ አርፎ ይብላ። የማያውቁትን ቅጠል ከመብላት ግን የተቀቀለውን መምረጥ፥ ከጥሬውም የሚላጠውን ካሮትና ኪያር ማስቀደም ይሻላል።

ምሳውን ቋጥሮ ወደ ሥራ ለሚሄድ፦ የተቀቀለው ሰላጣ ከማታው ታሽቶ በማቀዝቀዣ ቢያድር ጣዕሙ ይጨምራል። ቅጠል ከተጨመረበት ግን ቅጠሉ በደንብ ደርቆ ለብቻው ይያዝ፥ ጨውና ሎሚውም በትንሽ ጠርሙስ፤ ጨው ከቅጠል ውኃ ስለሚስብ፥ ጠዋት የታሸ ቅጠል እስከ ምሳ ሰዓት ጠውልጎ ይጠብቃችኋል።