ሰርቮ ሞተር በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት

ማሽኑ ጧት ያለ እንከን ይሠራል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይቆምና ሞተሩን የሚቆጣጠረው ድራይቭ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ሲመሽ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይነሣል። ሰመራ አቅራቢያ አንድ የውሃ ማሸጊያ ቤት ውስጥ የገጠመን ይህ ነበር። ባለንብረቱ «ድራይቩ ተቃጥሏል፤ አዲስ ይገዛ» ብለው ወስነዋል። ድራይቩ የተገጠመበትን ፓኔል የአየር ማጣሪያ ስናወጣው አቧራ እንደ ቂጣ ተጋግሮበታል፤ ወደ ብርሃን ቢያነሡት ምንም አያሳይም። አጥበን አድርቀን መለስነው፤ መዞር ያቆመውንም ፋን ለወጥን። የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

ሰርቮ ሞተር ከተራው ሞተር የሚለየው ያለበትን ቦታ በማወቁ ነው። የውሃ ፓምፕ ሞተር ኮረንቲ ሲያገኝ ይዞራል፣ ሲቋረጥበት ይቆማል፤ የት ላይ እንደ ቆመ የሚጠይቀው የለም። ሰርቮው ግን ከኋላው ኢንኮደር የሚባል ዐይን አለው። ኢንኮደሩ ዘንጉ የደረሰበትን ለድራይቩ ይነግራል፤ ድራይቩም የታዘዘውንና የተሠራውን በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እያስተያየ ኮረንቲውን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ክዳኑ ሳይዛነፍ ጠርሙሱ አፍ ላይ የሚያርፈው፣ ፕላስቲኩም ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚቆረጠው በዚህ ነው።

የአዋሽ ሰው የድራይቭን ትልቅ ዘመድ በየጊዜው ያያል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይወስዳል። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው መቀየሪያም ያንን ኮረንቲ ለሞተሮቹ በሚስማማ መልክ አዘጋጅቶ ይሰጣል። የፋብሪካው ድራይቭ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ሞተር፣ ኢንኮደር፣ ኬብልና ድራይቭ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። ስክሪን ያለው ግን ድራይቩ ብቻ ስለሆነ የሌሎቹንም ሕመም የሚናገረው እሱ ነው፤ በሌሎቹም ጥፋት ቀድሞ የሚነቀለው እሱ ነው። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ማሽን ቆሞ በሚከርምበት አገር ይህ ስሕተት በጣም ያስከፍላል።

ሙቀቱን ለብቻው ልናገር። ብዙ ድራይቮች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት በዙሪያቸው ያለው አየር እስከ 40 ዲግሪ፣ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሯ ሳስቶ ማቀዝቀዝ ይደክመዋል እንጂ ሙቀት አያስቸግራትም። ሰመራ ዝቅ ያለች ስለሆነች በከፍታ በኩል ችግር የለባትም፤ በሰኔ ግን ውጪው ራሱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ የተዘጋው ፓኔል ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋው አዋሽ ሰባት በከፍታው ወሰኑ ላይ ነው፤ ሙቀቱም አይምረውም። ድራይቩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የፓኔሉን በር ከፍቶ የቤት ፋን መደቀን የተለመደ ነው፤ ለሰዓታት ያሳርፋል፣ ለወራት ግን አቧራ ያስገባል። እኔ አልመክረውም።

ወደ ምርመራው ከመግባት በፊት አንድ አደጋ አለ። 380 ቮልት የሚገባበት ድራይቭ ውስጡ ወደ 540 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ኮረንቲ ያጠራቅማል፤ ማብሪያው ከጠፋም በኋላ ለደቂቃዎች ይቆያል። አምራቹ የጻፈውን ደቂቃ ጠብቀው፣ በቴስተርም ለክተው ካላረጋገጡ በስተቀር እጅ ማስገባት አይገባም።

ከዚያ በኋላ አላርሙ መቼ እንደ መጣ መጠየቅ ነው። ማሽኑ ሲቆም የቮልቴጅ መብዛት የሚያሳይ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲገታ የሚመልሰውን ጉልበት የሚያቃጥለው ሬዚስተር ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ገና ሲነሣ ኮረንቲ በዛ የሚል ከሆነ የሞተሩን ሦስት ሽቦዎች ከድራይቩ ነቅሎ መሞከር ነው፤ አላርሙ ያኔም ካልጠፋ ሕመሙ ድራይቩ ውስጥ ነው፣ ከጠፋ ኬብሉን ወይም ሞተሩን ጠርጥሩ። ሽቦዎቹ እንደ ተነቀሉ፣ ፍሬን ካለውም ፍሬኑ እንደ ተለቀቀ ዘንጉን በእጅ አዙሩት። የሚያንኳኳ ከሆነ ኩሽኔታው ነው። እየጎተተ፣ እየያዘ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ የጥቅልሉ ሽቦዎች እርስ በርስ ተነካክተው ይሆናል፤ የራሱ ማግኔት ነው የሚይዘው። በሜገር (የሽቦ ሽፋን መለኪያ) ስትለኩ ድራይቩን ለዩት፣ ኢንኮደሩን ፈጽሞ አትንኩት።

ኢንኮደሩ ስስ ነው። ፑሊ ለማስገባት ዘንጉን በመዶሻ የመታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰብረው ከኋላ ያለውን ቀጭን የመስታወት ዲስክ ነው። ኬብሉም ከማሽኑ ጋር ሲተጣጠፍ የሚውል ስለሆነ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል። የኢንኮደር አላርም ሲመጣ፣ ከጎኑ አንድ ዓይነት ሞተር ካለ ኬብሉን ብቻ ለዋውጦ ማየት ከግምት ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ማሽናችሁ ደኅና እየሠራ ከሆነ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የድራይቩን ፓራሜትር (የተሞላበትን የአሠራር ቅንብር) ዛሬውኑ ገልብጡና አንዱን ቅጂ ፓኔሉ በር ውስጥ፣ ሌላውን ቢሮ አስቀምጡ። አዲስ ድራይቭ ባዶውን ነው የሚመጣው።