የተዋጠ ክኒን ወዴት ይሄዳል?

ራሱን ያመመው ሰው ፓራሲታሞል ይውጣል፤ ጥርሱን ያመመውም ያንኑ ይውጣል። ሁለቱም ይሻላቸዋል። ክኒኑ ግን ሕመሙ የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ደም ውስጥ ይገባል፤ ደም ይዞት በዞረበት ሁሉ ይዞራል።

አብዛኛው የሚዋጥ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ከዚያ የተነሣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ አስቀድሞ በጉበት ያልፋል። ጉበት ኬላ ነው፤ አንዳንዱን መድኃኒት ገና ሥራ ሳይጀምር ሰባብሮ ያስቀረዋል። ልባቸው ደም ሲያጥረው ደረታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከአፍ የሚመለሰው ደም በጉበት ሳያልፍ ልብ ይደርሳል።

ዕረፍት ላይ ያለ የጎልማሳ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ ይህ በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ስለዚህ ደም ውስጥ የገባ መድኃኒት በደቂቃዎች ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይዳረሳል። እኩል ግን አይዳረስም። አንጎል፣ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ብዙ ደም ስለሚያገኙ ቀድመው ይወስዳሉ። ጡንቻ ይከተላል፤ ስብ ከሁሉም በኋላ ነው።

ለረጅም ዘመን በቀዶ ሕክምና ያገለገለው ታዮፔንታል ይህን በግልጽ ያሳያል። ማደንዘዣው በደም ሥር ሲሰጥ ታካሚው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ያንቀላፋል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶም ይነቃል። ነቃ ማለት ግን መድኃኒቱ ከሰውነቱ ወጣ ማለት አይደለም። አንጎልን ለቅቆ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ተዛወረ እንጂ ገና እዚያው አለ።

ደም ውስጥ ያለውም ቢሆን ሁሉም አይሠራም። አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን ብዙ መድኃኒቶችን አጣብቆ ይይዛል። ደም እንዳይረጋ ከሚሰጠው ዋርፋሪን 99 በመቶ ያህሉ በዚህ መንገድ ይታሰራል፤ ሥራውን የሚሠራው ነፃ የቀረው 1 በመቶ ነው።

በኢትዮጵያ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ደግሞ ከደም ይልቅ ሌላውን አካል ይመርጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአካሉ ያለው ውኃ 42 ሊትር ያህል ነው። የተዋጠው ክሎሮኪን ደም ውስጥ ከተገኘው መጠን ጋር ሲሰላ ግን በሺዎች ሊትር ውስጥ የተበረዘ ይመስላል። ስሌቱ የሚናገረው መድኃኒቱ ደሙን ትቶ በጉበት፣ በጣፊያ፣ በሳንባና ቀለም ባለው የዓይን ክፍል መከማቸቱን ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚመለስ፣ ለሦስት ቀን ተውጦ ለሳምንታት ይቆያል። ለሌላ በሽታ ብለው ለዓመታት የሚወስዱት ሰዎች ዓይናቸውን በየጊዜው እንዲመረመሩ የሚታዘዙትም ስለዚህ ነው።

መድኃኒት እንደልቡ የማይገባበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ሲጨምር ሌላው አካል ቀለሙን ሲይዝ አንጎል ሳይነካ ቀረ። የአንጎል ቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ እርስ በርሱ የተጣበቀ ስለሆነ ብዙ ነገር አያሳልፍም። ለአለርጂ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን ይህን ግድግዳ አልፎ ያስተኛል፤ ሎራታዲን ግን እምብዛም ስለማያልፍ እንቅልፉ ያን ያህል አይከብድም።

የእንግዴ ልጅ እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበው ታሊዶማይድ ለነፍሰ ጡሮች የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ሆኖ ሲሰጥ ወደ ፅንሱ አለፈ። በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ።

እንግዲህ አንድ ክኒን በሁለት ሰዎች አካል ውስጥ አንድ ዓይነት መንገድ አይሄድም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ውኃ ነው፤ ጉበቱና ኩላሊቱም ገና አልጠኑም። ለአዋቂ የታዘዘን ክኒን በግምት ከፍሎ ለልጅ መስጠት፣ ጎረቤትን ያሻለውን መዋጥም አደጋ አለው። መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆነ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ፣ ሌላ መድኃኒትም እየወሰዳችሁ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ።