የፍሬን ዋጋና የዓባይ በረሃ ቁልቁለት

ባሕር ዳር በሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጣና ዳር ተነሥቶ በዘንባባው ጥላ ሥር ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጣ በቀር ይህ ነው የሚባል ቁልቁለት አያገኝም። ስለዚህም የአውቶሞቢሉ የፍሬን ሸራ ሳስቶ ቢያልቅ ቶሎ አይታወቀውም። ባጃጅ ድንገት ሲገባበት ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፤ መኪናውም ይቆማል፤ እርሱም ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። ጉድለቱ የሚገለጠው፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ቤተ ሰቡን አሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ነው።

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ፍሬን ማለት የመኪናን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስልተን ተመልክተነዋል። ከነተሳፋሪውና ከነዕቃው 1,500 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት፣ ከ40 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል፤ ይኸውም ሁለት እንስራ ያህል ነው። ሹፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ይካፈላል። ማርሹን ነጻ አድርጎ ቤንዚን ቆጠብኩ የሚል ሰው ግን ሁለቱንም እንስራ በፍሬኑ ላይ ይጥዳል።

እዚህ ላይ የፍሬን ዘይት ነገር ይመጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው፤ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ውኃ ከገባበት በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። የባሕር ዳርን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ስለ እርጥበት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዘይቱ በፈላ ጊዜ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ማስለወጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከፍሬን ወጭ ሁሉ አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው። የሚረሳውም እርሱ ነው።

ስለ ሸራው እንናገር። የፊት ጎማ ሸራ አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መለወጥ ይገባል። በዚያን ጊዜ ወጭው የሸራና የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ሲጮህ እየሰሙ ዝም ያሉት እንደ ሆነ የሸራው የጀርባ ብረት ዲስኩን ይፍቃል። ዲስኩ በቶርኖ ይስተካከል ይሆናል፤ ነገር ግን ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻው ቅጥነት በራሱ ላይ ተጽፎአል፤ ከዚያ ካለፈ ከመጣል በቀር አገልግሎት የለውም። ሙቀቱ የፒስቶኑን ጎማ ካቃጠለ ደግሞ ሦስተኛ ዕቃ ይጨመራል። አባወራው ወጭ ሸሽቶ ያዘገየው ነገር ሦስት እጥፍ ወጭ ይዞ የሚመለሰው እንዲህ ነው።

ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተወሰነበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ፣ 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በባንክ ምንዛሪ ከ6,000 ብር በታች ነበረ፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከ13,000 ብር አልፎአል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለም፣ ያለውን አሮጌ ኮሮላ እያደሱ መንዳት የብዙ ቤት ዕጣ ሆኖአል።

በዚህ መካከል ርካሽ ዕቃ መፈለግ የሚያስነቅፍ አይደለም። ብልኅ እማወራ በርበሬ ስትገዛ እንደምትመረምር ሁሉ፣ መኪና ያለውም ሰው መመርመር አለበት። ካርቶኑ የታወቀ ፋብሪካ ስም ይዞ ውስጡ ሌላ የሆነ ሸራ በገበያ አይጠፋም። ስለዚህ መካኒኩ የሸራውን፣ የዲስኩን፣ የዘይቱንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ እንዲጽፍ መጠየቅ፣ የወለቀውንም አሮጌ ዕቃ በዐይን ማየት መልካም ነው። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የቀኙን ለውጦ የግራውን ማቆየት ግን ከቶ አይገባም፤ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታልና።

ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃስ? የፊት ሸራና ዘይቱ ይቅደሙ፤ የኋላው ታምቡር ተከፍቶ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ይቆይ። የወንበር ልብስና የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ ከዚህ በፊት ተገዝቶ ካየን ግን የቤቱ ሒሳብ ተገልብጦአል እንላለን። ለፊተኛው ሸራ እንኳ ካልተገኘ፣ ልጆቹን ይዞ በአውቶቡስ መሄድ ውርደት አይደለም።

በመልስ ጉዞ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን በኩል ያው በረሃ ይጠብቃል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከመነሣት በፊት የዘይቱን ዕቃ ከፍተው ይመልከቱ። መጠኑ ከወረደ ሸራው ሳስቶአል ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነውና፣ ሳያስመረምሩ ጨምረው አይነሡ።